ከሌለ እለፈው

የደም ማቀዝቀዣው እሁድ ተበላሸ። ሰኞ ጠዋት ነርሷ በሩን ስትከፍት ለብ ያለ አየር ፊቷን መታት። የነበረውን ደም በሙሉ፣ ከረጢት በከረጢት እየመዘገበች አስወገደችው።

ማቀዝቀዣው ሲሞቅ ለተረኞች ስልክ መልእክት የሚልክ ስክሪፕት፣ አጭር የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ነበር። የጻፈው የነርሷ ባል ነው። የሆስፒታሉ ኮምፒውተር ባለሙያ ነበር፤ ከቅጥነቱ የተነሳ «ሽቦ» ይሉታል። ከሞተ ሁለት ወር አልሞላውም።

ስክሪፕቱ ለምን ዝም እንዳለ የማጣራቱ ሥራ በሽቦ ረዳት ላይ ወደቀ። ሥራውን ያስተማራትም እሱ ነው። ስክሪፕቱን ራሷ አስነሳችው፤ ስህተት የሚል ቃል እንኳ ሳያወጣ ጨረሰ። ደገመችው፤ ያው ነው። የስልክ ቁጥሮቹ የሚነበቡት ከሌላ የቅንብር ፋይል ስለሆነ፣ ያንን ፋይል ከየት እንደሚፈልግ እንዲያሳያት አንድ መስመር ጨመረችበት። የሽቦ የግል ፎልደር ወጣ። ቀጥሎ ያለው ትእዛዝ ፋይሉ ካለ አንብበው፣ ከሌለ እለፈው የሚል ነው። ስክሪፕቱም እያለፈ፣ ለማንም ሳይልክ ከርሟል።

ፎልደሩን ያጠፋችው እሷ ናት። ከቀብሩ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት «የለቀቁ ሠራተኞችን አካውንት አጽጂ» ተባለች፤ ስሙን ላለማየት ቸኩላ፣ ቅጂ እንኳ ሳታስቀር ነበር የሰረዘችው።

ፋይሉ እንደሌለ ስትነግረው የሆስፒታሉ ኃላፊ ነርሷንም ቢሮው አስጠራ። «ሙት ወቃሽ አያድርገኝና» አለ፣ «የሆስፒታል ሥራ በግል ፎልደር ማስቀመጡ የሱ ጥፋት ነው። እንዲህ ብለን እንጻፈው።»

ነርሷ መሬት መሬቱን አየች።

የሽቦ ረዳት ዝም ብትል የሚጠረጥራት አልነበረም። «ፎልደሩን ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለች።

«ማን ጠየቀሽ?» አላት ኃላፊው ተቆጥቶ።

በማግስቱ የእግድ ደብዳቤ ደረሳት። ከመውጣቷ በፊት ፋይሉን ሁሉም በሚያገኘው ቦታ አዲስ ጻፈች፤ ስክሪፕቱም ፋይሉን ካጣ እንዲቆምና እንዲናገር አደረገችው። ስትሞክረው የተረኞቹ ስልኮች በያሉበት ጮኹ።

ነርሷ ደረጃው ላይ ጠበቀቻት። «እህቴ፣ እዛ ፎልደር ውስጥ ሌላ ምን ነበረ? የልጆቹ ፎቶ፣ ድምፁን የቀዳበት ነገር...»

«አላየሁም፣ እትዬ።»

«ምንም?»

«ሳልከፍተው ነው ያጠፋሁት።»

ነርሷ ጋውኗን ቆልፋ ወደ ክፍሏ ተመለሰች፤ ተረኛ ነበረች።