በሩን የዘጋው ግሪካዊ

፩

«ግሪክ አድርጊው።»

አሳታሚው ይህን ያለው ሳንድዊቹን እየገመጠ ነው። ስማራንዳ ቡርዱጃን የስምንት ዓመት ልፋቷን፣ የልብ ወለዷን ረቂቅ፣ ፊቱ ዘርግታ ተቀምጣለች።

፪

ለማያውቅ አንባቢ፦ ከሦስት መቶ ዓመት ገደማ በፊት የሮማንያን ምድር የሚገዙትን መሳፍንት የሚሾመው የቱርኩ ሱልጣን ነበር፤ የሚሾማቸውም ከኢስታንቡል ግሪኮች መካከል ነው። አገዛዙ መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ አለፈ። የሮማንያ ልብ ወለዶች ግን እስከ ዛሬ አልለቀቁትም። በነዚህ መጻሕፍት ግሪኩ የሚታወቅበት፦

ሽቶ ይቀባል።
ሲስቅ ድምፅ የለውም።
እንግዳውን በጣፋጭ ይመርዛል።

የአገሩ ባላባትስ? እሱማ ምስኪን ነው፤ መስኮት አጠገብ ቆሞ ለወገኑ ያለቅሳል።*

* ያን ሁሉ መሬት ማን እንደሰጠው አይጠየቅም። እኔም አልጠየቅሁም በሉኝ።

፫

ከረቂቁ፦

ሟቾች፦ ኢሊንካና ሁለት ልጆቿ፣ ቶአደርና ቫሲሌ
ጥፋታቸው፦ ለኢስታንቡል በግብር የሚነዱ በጎች ደብቀዋል
አሟሟታቸው፦ ጎተራ ተዘግቶባቸው፣ በጭስ ታፍነው
በሩን የዘጋው፦ የመንደሩ ባላባት ዮርዳኬ ቡርዱጃን

አዎ፣ ቡርዱጃን። ከስማራንዳ የገዛ ቅድመ አያቶች አንዱ ነው።

፬

ይህን የነገሯት የሟቾቹ ቤተሰብ ዘር የሆኑት አባባ ጋቭሪል ናቸው። ቤተሰባቸው በየዓመቱ ተዝካር ያወጣል፤ ስንዴ ይቀቀላል፤ ቄሱ የሦስቱን ስም ይጠራሉ። ከዚያ ሁሉም ደጅ ወጥቶ ዮርዳኬን ይረግማል። ሰባት ትውልድ እንዲህ አድርጓል።

— እርስዎን አልጠላም፣ እመቤት። ብቻ ይጻፉት። የኛ የገበሬዎቹ ወሬ ነው፤ መጽሐፍ ሲሆን ይታመናል።
— እጽፈዋለሁ፣ አባባ።
— ስሙን ሳይቀር?
— እናቴ ትሙት!

፭

(አሳታሚው አፉን ጠርጎ ይቀጥላል።)

— ስሚ፣ የአገርሽን ሰው ገዳይ አድርገሽ ማን ሊሸልምሽ ነው? ደግሞ የገዛ አያትሽን! አብደሻል?
— እውነቱ ነው።
— ታዲያ ማን እውነት አምጪ አለሽ?

፮

ሻይዋ እስኪበርድ ድረስ አሰበች። አፈረች። አፍራም ሳትጨርስ ደስ አላት፤ በቃ፣ ቤተሰቧ ነጻ ሊወጣ ነው። ዮርዳኬን ሰረዘችና በምትኩ ጻፈች፦

ማኖላኪስ።

ሽቶም ቀባችው።

፯

መጽሐፉ ተሸለመ።

በሽልማቱ ዕለት አባባ ጋቭሪል ኮታቸውን አስተኩሰው፣ አራት ሰዓት በአውቶቡስ ተጉዘው መጡ። መጽሐፉን መነጽር ተውሰው ሦስት ጊዜ አንብበውታል። ስማራንዳ ከሩቅ ስታያቸው ሊያዋርዷት የመጡ መሰላት፤ በዓይኗ መውጫ ፈለገች። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው ሕዝብ ፊት ተንበረከኩ።

— ምን ሆኑ፣ አባባ? ይነሱ እንጂ!
— አልነሳም። ሰባት ትውልድ ሙሉ ያለ ጥፋታቸው አያትዎን ስንረግም ኖረናል። አባቴ እየረገማቸው ነው የሞተው። እኛ ያልተማርን ሰዎች ነን፤ የነገሩንን ይዘን ኖርን። እርስዎ መርምረው እውነቱን አወጡልን።
— አባባ…
— ለቄሱም ነግሬያለሁ፤ እርግማኑ ቀርቷል። ልጆቼም ቀርበው ይቅርታ ይጠይቃሉ። ይማሩን፣ እመቤት።

 አንዲት ሴት እንባዋን ጠረገች። አሳታሚው ከኋላ ጎሸም አደረጋትና «በይ እንጂ፣ ሰው እያየሽ ነው» አላት። ስማራንዳ ጎንበስ ብላ የሽማግሌውን ክንድ ያዘች፤ እንዲህም አለቻቸው፦

፰

— ምሬያችኋለሁ፣ አባባ።