ስኳር ጾም አያስገድፍም

ባሌ መሪጌታ ሕሩይ በዐቢይ ጾም ዘይት የበዛበት ወጥ እንኳ ይጠየፋሉ። ስኳር ግን ጾም ስለማያስገድፍ ምእመናኑ ከዳባት ገበያ በኪሎ በኪሎ ያመጡላቸዋል። ከቅዳሴ ሲመለሱ አንዱን ብርጭቆ ሻይ ስድስት ማንኪያ ስኳር ጨምረውበት ይጠጣሉ፤ ሦስቴ ያስደግሙኛል። «ኧረ ይቀንሱ» ስላቸው «ምን ገደፍኩ?» ይሉኛል። ዘንድሮ ውሃ ጥማቸው አልቆርጥ አለ፤ የሸኑበት ቦታ ጉንዳን ይወረዋል። ጤና ጣቢያ እንሂድ ብል ሰሚ አጣሁ።

ዓርብ ዕለት ካህኑ ሲያጥኑ ከጽናው ፍም ወድቆ የመሪጌታ ባዶ እግር ላይ አረፈ። በሴቶቹ በኩል ቆሜ አየሁት፤ ፍሙ ቆዳቸው ላይ እየጨሰ ከሰመ። እሳቸው ግን መቋሚያቸውን እንደተደገፉ ዜማውን ሳያዛንፉ ቀጠሉ።

ሕዝቡ ጉድ አለ። በማግስቱ «እሳት ያልደፈራቸው» እያሉ በረከት ፍለጋ ቤታችንን ሞሉት። ባዶ እጁን የመጣ የለም፤ ሁሉም ስኳር ይዟል።

እንግዳው ሲወጣ እግራቸውን ላጥብ ጎንበስ አልኩ። አውራ ጣታቸው እንደ ከሰል ጠቁሯል። ጨምቄ ያዝኩትና «ያምዎታል?» አልኳቸው።

ሻያቸውን እያማሰሉ «መቼ ነካሽኝና?» አሉኝ።