በቁልፍ ቀዳዳ የሚተነፍስ አዳራሽ

የማጣበቂያው አዳራሽ በር አልከፈት ካለ ዘጠነኛ ቀኑ ነበር። ወደ ውጭ የሚሳብ የብረት በር ነው። ድሮ በአንድ እጅ ይከፈት የነበረው አሁን ሁለት እጅና አንድ እግር ይፈልጋል፤ እግሩ መቃኑን መርገጫ ነው። ሴቶቹ ጠዋት ጠዋት ተራ ገብተው ይጎትቱታል፤ አንዷ ስትጎትት ሌሎቹ ያላግጡባታል።

«ቁርስ ሳትበዪ ነው እንዴ የመጣሽው?»

«እኔማ በልቻለሁ። በሩ ነው ከእኔ የበለጠ የበላው።»

መካኒኩ የመሣሪያ ሳጥኑን እንዳንጠለጠለ ከኋላቸው ቆሞ ይህን ሰማ፤ አልሳቀም። በሩ ዘይት እንደሚያስፈልገው በልቡ ያዘና አለፈ። ኋላ ራሱን የወቀሰው በዚህች ቅጽበት ነው። ነገሩ ዘጠኝ ቀን ሙሉ በር ላይ ቆሞ ሲጠራው፣ እሱ ዘይት አሰበ።

በጫማ ፋብሪካው ውስጥ የአየር ነገር የእሱ ድርሻ ነው። ቱቦውንና ሞተሩን የሚያውቅ ሌላ ሰው ስለሌለ ሠራተኞቹ «ነፋሱ» ይሉታል፤ ስሙ በፌዝ ወጥቶ በፍቅር የጸና ነው። በማጣበቂያው አዳራሽ ሃያ አራት ሴቶች በሁለት ረድፍ ተቀምጠው ሶሉን ከቆዳው ጋር በማስቲሽ ያጣብቃሉ። ማስቲሹ ሲደርቅ የሚተነው ሽታ ጣፋጭ ነው። መጀመሪያ አፍንጫን ይይዛል፣ ቀጥሎ ዓይንን፣ በመጨረሻ እጅን። ጠዋት አራት መቶ ሃያ ጥንድ የሚያወጣው አዳራሽ ከሰዓት በኋላ ሦስት መቶ አሥር ላይ ይወርዳል፤ ከዚያም ላይ ሶሉ ጠምሞ የሚመለስ አለ።

ሥራ አስኪያጁ ለዚህ «ሆዳቸው ሲሞላ እጃቸው ይተኛል» የሚል ምክንያት ነበረው። መካኒኩ «አየር ነው» አለ። አየር የሚያወጣው አሮጌ ቬንትሌተር አቅም እንዳነሰው፣ ጣራው ላይ ትልቅ ቢተከል የከሰዓቱ ሥራ የጠዋቱን እንደሚያክል ተከራከረ። አሸነፈም፤ ድሉ ግን ቀነ ገደብ ይዞ መጣ። ዐሥር የሥራ ቀን። በዐሥረኛው ቀን የከሰዓቱ ሥራ አራት መቶ ጥንድ ካልሞላ ከሃያ አራቱ ዐሥራ ሁለቱ ይሰናበታሉ። ዝርዝሩ ተጽፎ አልቋል። በዝርዝሩ አናት ላይ ያለችው፣ ብዙ ጫማ የሚመለስባት፣ ከግድግዳው ዳር የምትቀመጠው ሴት ናት።

እሷም የመካኒኩ ታላቅ እህት ናት። እናታቸው ስትሞት እሱ የስድስት ዓመት ልጅ፣ እሷ የዐሥራ ሰባት ነበረች። አሳድጋዋለች። እስከ ዛሬ «እታለም» ነው የሚላት።

ትልቁ ቬንትሌተር ከተተከለ ዘጠኝ ቀን ቢሆነውም የከሰዓቱ ቁጥር ንቅንቅ አላለም። እንዲያውም ወረደ፤ ከትናንት ወዲያ ሦስት መቶ አራት፣ ትናንት ሁለት መቶ ዘጠና ስምንት። መካኒኩ በየቀኑ ጣራ ይወጣል። ቺንጊያው አልላላም፤ ሞተሩ አይግልም፤ ቱቦው ንጹሕ ነው። ወርዶ በውጭው ግድግዳ ሥር ያለውን አየር ማስገቢያ ያያል፤ ስድስት አግድም ክፍተት፣ እያንዳንዱ ክንድ የሚያህል። የወንፊቱን አቧራ በብሩሽ ይጠርጋል። ሁሉም ነገር ደኅና ነው። ደኅና ያልሆነው አዳራሹ ብቻ ነው።

የዚያን ዕለት ከሰዓት ስምንት ተኩል ላይ ሴቶቹ መሳቅ ጀመሩ። ይህን ሳቅ ያውቀዋል። ሁልጊዜ የምትጀምረው ቀጭኗ ናት፤ ከእህቱ ጎን የምትቀመጥ፣ ምላሷ ከቆዳ መቁረጫ የሰላ ሴት።

«እኔ ዛሬ ግራ እግር ብቻ ነው ያጣበቅሁት» አለች። «ቀኙን የፈለገ ነገ ይምጣ።»

ረድፉ በሙሉ ሳቀ፤ ለቀልዱ ከሚገባው በላይ ሳቀ። አንዷ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ ሳቀች፤ ሳቁ ካቆመም በኋላ ግንባሯ አልተነሣም። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው ይባላል። ማስቲሽም እንዲሁ ነው።

በሩ ሁለቴ ተንገጫግጮ ተከፈተና ሥራ አስኪያጁ ገባ። የእጅ ሰዓቱን ሳያይ አንድ ቃል ስለማይወጣው ሴቶቹ በሌለበት «ደወል» ይሉታል።

«ሲሳቅ ነው የደረስኩት» አለ ለመካኒኩ።

«አየር አጥሯቸው ነው የሚስቁት፣ ጌታዬ።»

«እኔ አየር ያጠረው ሰው ሲያቃስት እንጂ ሲስቅ አላየሁም።» ሰዓቱን አየ። «ነገ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ እመጣለሁ። ያን ጊዜ የሚስቅ ካለ እናያለን።»

ወጣ። በሩ ከኋላው ድም ብሎ ተዘጋ፤ የገፋው ሰው ግን የለም።

መካኒኩ ቆሞ ቀረ። ከዚያ ወደ በሩ ሄዶ ተንበረከከ። የቁልፍ ቀዳዳው ያፏጫል፤ ቀጭን፣ የማያቋርጥ ፉጨት። መዳፉን ቢያስጠጋ ቀዝቃዛ አየር እንደ መርፌ ወጋው። ከማስታወሻው ላይ ጠባብ ወረቀት ቀድዶ አንጠለጠለበት። ወረቀቱ ወደ ውስጥ ተጋድሞ ተርገበገበ።

ሃያ አራት ሰው የሚሠራበት አዳራሽ በቁልፍ ቀዳዳ ይተነፍስ ነበር።

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር በራለት። ያልገባ አየር አይወጣም። ጣራ ላይ ያለው ትልቅ ቬንትሌተር የሚስበው አጥቶ ባዶ ጠርሙስ ይጠባል። በሩን የያዘውም ዝገት አይደለም፤ ልግባ ልግባ ብሎ የተደገፈበት የውጭ አየር ነው።

ስድስቱ ክፍተቶች በውስጥ በኩል ከእህቱና ከቀጭኗ ጀርባ፣ ካፖርት ከሚሰቀልበት ሥር ናቸው። እስከ ዛሬ ከውጭ እንጂ ከውስጥ አይቷቸው አያውቅም፤ የሴት ልብስ ገልጦ ማየት ነውር መስሎት። አሁን ካፖርቶቹን ገለጠ።

ክፍተት የሚባል ነገር አልነበረም። በየቀዳዳው ልክ የተቆረጠ፣ በጫማ ገበር የተለበጠ ስፖንጅ ተጠቅጥቆበታል። ስድስት ናቸው። ዙሪያቸው በሰም ክር የተሰፋ ነው፤ ክሩ በየአራተኛው ስፌት ወደ ኋላ ተመልሶ ራሱን ይቆልፋል።

መካኒኩ ይህን ስፌት ያውቀዋል። በልጅነቱ በሱሪው ጉልበት ላይ ነበር።

ካፖርቶቹን መለሰ። ቀና ሲል እህቱ ታየዋለች። በእጇ ይዛ በቆየችው ሶል ላይ ማስቲሹ ደርቋል።

ሥራ ሲያበቃ ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ላይ አገኛት። የጣቶቿን ማስቲሽ በጥፍሯ እየላጠች ነበር።

«እታለም።»

«አይተሃል፤ አውቃለሁ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ጠየቅኸኝ?» አለች ቀና ሳትል። «ያ ጉድህ የተተከለ ዕለት ጠዋት ነፋሱ ጀርባችንን ሰነጠቀው። ቀጭኗ አንገቷ አልዞር ብሏት ሦስት ቀን እንደ ጅብ በሙሉ ገላዋ ነበር የምትዞረው። ድሮም ትንሽ ጨርቅ እንሸጉጥበት ነበር፤ እኔ ወፈር አድርጌ ሰፋሁለት።»

«የሚያደክማችሁ እኮ ማስቲሹ ነው። ሽታው መውጫ አጥቶ እናንተው ላይ ይዞራል። ትንሽ ነፋስ ምን ያደርጋል?»

ቧንቧውን ዘጋች። ድምፅዋ ዝቅ አለ።

«እማዬን ምን የገደላት ይመስልሃል? ላብ በላብ ሆና በር ላይ ተቀመጠች፤ ነፋስ መታት፤ በሳምንቷ ቀበርናት። አንተ ልጅ ነበርክ። ሌሊቱን ሙሉ ላቧን ስጠርግ ያደርኩት እኔ ነኝ።»

የሳንባ ምች የሚለው ቃል አፉ ድረስ መጣ፤ ዋጠው። እናቱን የቀበረች እጅ ፊት ለፊቱ ውሃ እየተንጠባጠበባት፣ ስለ በሽታ ስም መከራከር አልሆነለትም።

«ነገ ቁጥሩ ካልሞላ የመጀመሪያው ስም ያንቺ ነው» አለ። «ለደወል ልንገረው ብል፣ ሥራ አሰናከለች ብሎ አንቺን ያባርራል። ልደብቀው ብል፣ ዐሥራ ሁለታችሁም ትሄዳላችሁ። የገባሁበትን አየሽልኝ?»

«ንገረዋ። ከዐሥራ ሁለት አንድ ይሻላል።»

«አልነግረውም።»

«እና ምን ልትሆን ነው?»

«ነገ አንቺ ቦታ ላይ እኔ እቀመጣለሁ። ጀርባዬን ለነፋሱ ሰጥቼ፣ ከጠዋት እስከ ማታ። የሚመታ ከሆነ እኔን ይምታ።»

እጇን በሽርጧ አደረቀች።

«ሶል ማጣበቅ ትችላለህ?»

«አልችልም።»

«እንግዲያ ቦታዬን አትንካ፤ በግድግዳው በኩል አጠገቤ ተቀመጥ። አንተ እያጣበቅህማ እንኳን አራት መቶ፣ አርባም አይሞላም።»

በማግሥቱ ከሁሉም ቀድሞ ገባ። ከላሜራ ስድስት ምላስ ቆርጦ አጠፈ፤ ነፋሱን ወደ ጣራው እንዲያቀኑት ከየክፍተቱ ሥር በብሎን አሰራቸው። ስፖንጆቹን አልነካም። እነሱን የሰፋ እጅ ያውጣቸው ብሎ ተወ።

እህቱ ካፖርቷን እንደ ለበሰች ከሌሎቹ ጋር ገብታ ወደ ግድግዳው ሥር ጎነበሰች። ከዚያ አንዱን ስፖንጅ ሳበችው፤ ሁለተኛውን፤ ሦስተኛውን። አዳራሹ ረጅም ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳበ። ስድስተኛው ሲወጣ የበሩ ፉጨት ጸጥ አለ። ዘጠኝ ቀን ሲፏጭ እንደ ነበር ብዙዎቹ ያወቁት ሲያቆም ነው።

ቀጭኗ ካፖርቷን እስከ ጆሮዋ ቆለፈች።

«ነፋሱ ለነፋስ ተዳረ!» አለች። «ኑዛዜህን ነግረኸናል?»

«ካቻቢቴዬ ላንቺ ይሁን። ምላስሽን ታጠብቂበታለሽ።»

ተቀመጠ። ላሜራው አብዛኛውን ነፋስ ወደ ላይ ሰደደው፤ ከሥር የሾለከው ግን አንገቱን አገኘው። አልተንቀሳቀሰም። ኮሌታውን ቢያነሣ ሃያ አራት ሴት ታየዋለች። እኩለ ቀን ላይ አራት መቶ ሃያ ሁለት ጥንድ ወጣ፤ ይህ ግን ምስክር አይሆንም፤ ጠዋት ድሮም ጠዋት ነው።

ስምንት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሳቁን ጠበቀ። ብሩሽ ሶል ላይ ሲሄድ ብቻ ይሰማል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀጭኗ ስለ ደወል አንድ ነገር ጣል አደረገች፤ ሳቁ አጭር ነበር፤ ቀልዱን የሚያክል። መካኒኩ ዓይኑን ጨፈነ።

ዐሥር ሰዓት። ሁለት መቶ ዘጠና ስድስት። በአንድ ሰዓት መቶ አራት ጥንድ ይቀራል፤ የመጨረሻው ሰዓት ደግሞ ምንጊዜም የሚከብደው ነው።

ከወዲያኛው ረድፍ አንዲት ጠና ያለች ሴት ብሩሿን አስቀመጠች።

«ኧረ በረደኝ!» አለች። «ወገቤን ቆረጠኝ። ዝጉልኝ፣ በናታችሁ።»

እጆች ቆሙ። ሁሉም ወደ መካኒኩ እህት ዞሩ። ስድስቱ ስፖንጆች ከጠረጴዛዋ ሥር በካርቶን ውስጥ ናቸው፤ እጇን ብትሰድ ትደርስባቸዋለች። መካኒኩ መናገር ፈለገ፤ የሚናገር ከሆነ ግን ነፋሱ የእሱ ትእዛዝ ብቻ ሆኖ እንደሚቀር፣ ሴቶቹ ራሳቸው ሊመርጡት እንደሚገባ ገባው።

እህቱ ተነሣች። እጇ ወደ ካርቶኑ አልሄደም። የራሷን ካፖርት አወለቀች፤ አዳራሹን አቋርጣ ሴትየዋ ትከሻ ላይ ጣለችው።

«ይህን ደርቢ፣ እናቴ። ቀዳዳው ግን አይዘጋም።»

በሸሚዝ ብቻ ተመልሳ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ተቀመጠች። ብሩሿን ማስቲሹ ውስጥ ነከረች። በስተግራዋ ቀጭኗ፣ ከቀጭኗ ቀጥሎ ሌላዋ፣ ረድፉ በሙሉ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ልክ በዐሥራ አንድ ሰዓት በኮሪደሩ ኮቴ ተሰማ። ሥራ አስኪያጁ እንደ ልማዱ እግሩን መቃኑ ላይ ተክሎ እጀታውን በሁለት እጁ በኃይል ጎተተው።

በሩ እንደ መጋረጃ ቀለለ። ተበርግዶ ከግድግዳው ጋር ተላተመ፤ በደፉ ላይ ማንም አልነበረም። ሥራ አስኪያጁ ከኮሪደሩ ወለል ላይ ተቀምጦ፣ ሰዓቱን ወደ ላይ አንሥቶ ይዟታል፤ እንዳትሰበር።

ማንም አልሳቀም። ቀጭኗ ከንፈሯን ነክሳ ጣራ ጣራውን አየች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ።

ተነሥቶ ሱሪውን አራገፈና ቀጥታ የከሰዓቱ ሥራ ወደ ተደረደረባቸው መደርደሪያዎች ሄደ። እያንዳንዱ ሃያ ጥንድ ይይዛል። በጣቱ እየነካ ቆጠረ። ሃያ መደርደሪያ ሙሉ፤ በሃያ አንደኛው ላይ ስድስት ጥንድ። ሁለት ሦስቱን አንሥቶ ሶሉን ቢስበው አልላቀቅ አለው።

«አራት መቶ ስድስት» አለ። «ዛሬ ምን ተገኘ?»

መካኒኩ አፉን ከፈተ፤ እህቱ ቀደመችው።

«አየር ማስገቢያውን ደፍኜው የነበርኩት እኔ ነኝ። ነፋስ ፈርቼ። ዛሬ ጠዋት አነሣሁት።»

ሥራ አስኪያጁ ካርቶኑን አየ፣ በሸሚዝ የተቀመጠችውን ሴት አየ፣ በመጨረሻ ሰዓቱን አየ።

«ማስጠንቀቂያ ይጻፍብሻል።»

«ይጻፍ።»

«ዝርዝሩ…» አለና በሩን ዘወር ብሎ አየው፤ አሁንም ወለል ብሎ እንደ ተከፈተ ነው። «ዝርዝሩ ቀርቷል። ቀዳዳውን ነገም እንዳትነኩት።»

ኮቴው ከኮሪደሩ እስኪጠፋ ጠበቁ። ከዚያ ቀጭኗ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታች፤ አዳራሹ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ይህኛው ሳቅ ከማስቲሽ የመጣ አልነበረም።

ከግቢው ሲወጡ እህቱ ከጎኑ ትሄዳለች፤ ካፖርቷን መልሳ ለብሳለች፤ በብብቷ አንድ ነገር ይዛለች።

«አልመታህም?» አለችው።

«ኧረ ምንም አልሆንኩም» አለ መካኒኩ፤ ሊያያትም ዞረ። ትከሻውም፣ ደረቱም፣ እግሩም አብረው ዞሩ።

ቆመች። ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ጅብ!» አለችው።

በብብቷ ያለው ከስድስቱ ስፖንጆች አንዱ ነበር። አቧራውን አራግፋ አንገቱ ላይ ጠመጠመችለት፤ ከኪሷ የሰም ክር አውጥታ አሰረችው። ከመቋጠሯ በፊት ግን ሁለት ጣቷን በስፖንጁና በጉሮሮው መካከል አስገብታ ለካች፤ ያንኑ ያህል ክፍተት ትታ ቋጠረችው።