የፅጌረዳ ሰፊ ሣጥን

አናጢ አግብታ አልጋ ያጣች ሴት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ይኸው እኔ ከበቡሽ! አማቴ ጂንካ ላይ በከፈቱት የሬሳ ሣጥን ቤት ባሌ ፈለቀ ሲልግና ሲመታ ይውላል፤ እኔ ውስጡን ጨርቅ አለብሳለሁ። ከካኮም ከአልዱባም ሐዘን የገባው ሰው የሚመጣው ወደኛ ነው። ታዲያ ለአልጋዬ ተብሎ የተገዛ ሳንቃ ሁሉ ገና ሳይደርቅ አንዱ ይሞትና አፈር ይገባል። "ሬሳ ይጠብቅሻል እንዴ?" ይለኛል ፈለቀ። እኔስ? ጠባብ መደብ ላይ ተኮራምቼ ልለቅ!

አንድ ክረምት ግን እግዜር ሰማኝ፤ ሰፋፊ የዋንዛ ሳንቃ ተገኘ። ፈለቀ ልጎ ልጎ ከጨረሰ በኋላ፣ "ነገ አልጋሽ ላይ ነሽ" አለኝ።

በማግስቱ ጉም ጂንካን ውጧት ነበር። አውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ላይ የሚግጡት ላሞች እግር የላቸውም፤ ጀርባቸው ብቻ ይንሳፈፋል። ከዚያ ነጭ ነገር ውስጥ ጋሽ ኤርጎ ሸምበቆ ተሸክሞ ብቅ አለ። የካኮ ገበሬ ነው። የገጠር ሰው የሟቹን ቁመት በሸምበቆ ለክቶ ያመጣልናል፤ ሣጥኑ የሚሠራው በዚያ ልክ ነው። ስለዚህ ሸምበቆውን ሳይ ሰው እንደሞተበት አወቅሁ።

"ማን ነው፣ ጋሽ ኤርጎ?"

"ፅጌረዳ" አለ። ሚስቱ። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ኮረሪማ የምታመጣዋ።

"ውይ! ውይ በሞትኩት!" ካልኩ በኋላ ሸምበቆውን አየሁት፤ ከኔም ይረዝማል። "ፅጌረዳ እኮ ከትከሻዬ አታልፍም ነበር!"

"እኔ ጨምሬ ነው" አለ። "ቤታችን ጠባብ፣ ልጅ ብዙ። ሁልጊዜ እግሯን አጥፋ ነው የምትተኛው። 'አንድ ቀን ዘርግቼ ብተኛ' ትል ነበር። ዛሬ ትዘርጋ።"

ፈለቀ ወደኔ ሳያይ ወደ ሳንቃዬ አየ።

"ሌላ የለም?" አልኩት።

"ረጅሙ ይኸው ብቻ ነው።"

ተናደድኩ። ምን ይደበቃል፣ በሟቿም ተናደድኩ። ግን ያ ሽማግሌ እንደዚያ ቆሞ ምን እላለሁ? "በል ምታው!" ብዬ ጮህኩ። "ደግሞ እንዳትቀንሰው፤ ስፋቱም እንዳለ ይሁን!"

ከሰዓት በፊት ሣጥኑ አለቀ። የገበሬ ማኅበሩ መኪና ወደ ካኮ ስለሚሄድ ለምነን ጫንነው። ፈለቀ ጋቢና ገባ፤ እኔና ጋሽ ኤርጎ ከኋላ ከሣጥኑ ጋር ተቀመጥን። ጉሙ አልገፈፈም። መንገዱ ይውጣ ይውረድ አይታይም። እንቅልፍ እንቅልፍ አለኝ። መቼስ አልጋዬ ነበር፣ አንዴ ልጋደምበት ብዬ ሣጥኑ ውስጥ ገባሁና እግሬን ዘረጋሁ። ነውር ነው፣ አውቃለሁ። ዛፎቹ ከላዬ በቀስታ ወደ ኋላ ይፈሳሉ። መኪናው መሬት የሚነካ አይመስልም። የሞተችው እናቴ ልጅ ሳለሁ እንደምትጠራኝ ስሜን ስትጠራ ሰማሁ፤ አልፈራሁም።

ጋሽ ኤርጎ ጎንበስ ብሎ አየኝ። "ይመቻል?" አለኝ።

"በጣም ይመቻል።"

ከጠዋት ጀምሮ ያኔ ገና ፊቱ ፈታ አለ።

ካኮ ስንደርስ ሴቶቹ ፅጌረዳን ከበዋታል። ለካ የሞተችው በእንቅልፏ ነው። ጎኗ ላይ እንደተኛች፣ ጉልበቷን እንዳጠፈች ደርቃለች። ሊያቃኗት ቢሞክሩ እምቢ አለች።

"ምነው ሳትነግረን?" አለው ፈለቀ።

"ሣጥኑ ሲመጣላት እግሯን ትለቃለች ብዬ" አለ ጋሽ ኤርጎ።

አንዷ ሴት የፅጌረዳን ጉልበት ጫን ልታደርገው ስትል እጇን ያዛት። "አታሳምሟት" አላት።

እንዳለች በጎኗ አስተኛናት። ስፋቱ በቃት፤ ከእግሯ በታች ግን ባዶው ብዙ ነው። ያን ባዶ ሳይ ጮኼ አለቀስኩ። ለሷ ይሁን ለአልጋዬ እግዜር ያውቃል። ወደ ቀብር ሲወስዷት እንዳትንሸራተት ብዬ ነጠላዬን አጣጥፌ እግሯ ሥር ልወትፍ ስል ጋሽ ኤርጎ ነጠላውን ተቀብሎ ትከሻዬ ላይ መለሰልኝ።

"ተዪው ልጄ፣ አትሙዪው" አለኝ። "ጌታ ሲጠራት መጀመሪያ እግሯን ትዘረጋለች። ከዚያ ነው የምትነሳው።"