ሃያ አራት ጫማ ከስንዝር

ከጠዋት ጀምሮ ሠላሳ ዘጠኝ ጀልባ የለካችው አፀደ አርባኛው ጋ ስትደርስ እግሯ እምቢ አላት። ቢጫው ሜትር እጇ ላይ እንደተጠቀለለ ውሃ ያንጠባጥባል። የዝናብ ኮቷ ደረቷን እንጂ ትከሻዋን አያድንም፤ ይህን ያወቀችው ከገዛችው በኋላ ነው። ሲያትል ውስጥ ደግሞ እንዲህ ያለውን ነገር ለማወቅ ብዙ ቀን አይፈጅም።

ከፊቷ ጀልባ የሚታሰርበት የዶክ «ዲ» የእንጨት መድረክ እስከ ቦዩ መሀል ድረስ ተዘርግቷል። ጥጉ ላይ፣ አርባ ስምንት ቁጥር ማቆሚያ ጋ፣ አንድ ሰው ጃንጥላ ይዞ ይጠብቃታል። ከዚህ ርቀት ፊቱ አይለይም። እሷ ግን ማን እንደሆነ ለማወቅ ፊት አያስፈልጋትም።

ማሪናው እስከዚያ ዓመት፣ እስከ ፈረንጆቹ 2013፣ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ጀልባ ያቆም ነበር። ዶኮቹ ፈርሰው እንደገና ሲሠሩ ሁለት መቶ ሠላሳ ስድስት ብቻ ሊያቆም ነው። ውሃው አልጠበበም። ሰዎቹ ናቸው ጀልባቸውን ያስረዘሙት፤ አዲስ የሚመጣው ሁሉ እንደ ሠርግ ሊሞዚን ተጎትቶ የማያልቅ ነው። ስለዚህ ከሃያ ስድስት ጫማ ያነሰ ጀልባ ከእንግዲህ ውሃ ላይ ቦታ የለውም። ትንንሾቹ ወደ ብረት መደርደሪያው ይወጣሉ፤ እንደ ሱፐርማርኬት ዕቃ አንዱ ባንዱ ላይ ይደረደራሉ። መደርደሪያው የሚይዘው ስድሳ ነው። ምዝገባው ኦገስት ላይ ተዘግቷል፤ ስድሳውም ሞልቷል። ያልተመዘገበ ትንሽ ጀልባ ያለው ሰው ጀልባውን ይዞ የት እንደሚሄድ ደንቡ አይናገርም። ደንብ መቼም የማይመለከተውን አይናገርም።

አፀደ ዛሬ ካለፉት ቀናት የተረፉትን የ«ኤ»ን ለካች፣ የ«ቢ»ን ለካች። «ሲ»ን ለክታ ስትጨርስ እንደገና ተመልሳ ለካችው። አለቃዋ ግሬግ ከቢሮው መስኮት አይቷት በራዲዮ ጠራት።

«አፀደ፣ እሱን እኮ ጨርሰሻል። ምን ረስተሽ ነው?»

«ቦርሳዬን» አለችው። ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ ነበር።

ጥጉ ላይ የቆሙት ጋሽ ሙላቱ ናቸው። ሃያ ስምንት ዓመት ታክሲ ነድተዋል። ጡረታ ሲወጡ ቢከን ሂል ሰፈር የነበረውን ቤታቸውን ሸጠው ኬንት ከተማ ልጃቸው ጋ ገቡ። በልጃቸው ቤት ሳሎኑም ቴሌቪዥኑም የሌላ ሰው ነው፤ ማቀዝቀዣው እንኳን የሚከፈተው በፈቃድ ነው። በሩን ዘግተው የሚቀመጡበት የራሳቸው ነገር ቢኖር አርባ ስምንት ቁጥር ላይ የታሰረችው ይህች ጀልባ ብቻ ናት። በየቀኑ በባቡርና በአውቶቡስ መጥተው እሷ ውስጥ ተቀምጠው ራዲዮ ይሰማሉ፤ ሲመሽ ይመለሳሉ። ጀልባዋን ታክሲ ቢጫ ቀብተዋታል። ጎኗ ላይ የድሮ የታክሲ ቁጥራቸው፣ 617፣ ተጽፏል። ጣሪያዋ ላይ ደግሞ ከታክሲዋ የነቀሉት መብራት አለ፤ ያ ሲበራ «ባዶ ነኝ፣ ግቡ» የሚለው። የቦዩ መውጫ ላይ ካለው ቀይ ተንሳፋፊ ምልክት ግን አልፋ አታውቅም።

ኤፕሪል ላይ ቢሮ ድረስ መጥተው ነበር። ቆባቸውን አውልቀው ጠረጴዛዋ ፊት ቆሙና «አፀደ፣ የኔዋ ታልፋለች ወይስ መደርደሪያው ላይ ላስመዝግባት?» ብለው ጠየቋት።

አልለካቻትም ነበር። ግን ቆቡን የያዙት እጆች፣ በዲቪ የመጣች ሰሞን፣ ሌሊት ለአሥራ አንድ ሰዓት ሥራ ሦስት ሳምንት ሙሉ በነጻ ያመላለሷት እጆች ናቸው። «አይመስለኝም» ልትል ነበር። «እናያለን» ማለትም ትችል ነበር፤ «እናያለን» እኮ የአበሻ «አይሆንም» ነው። እሱንም አላለችም።

«ታልፋለች ጋሼ፤ አያስቡ» አለች።

ከዚያ ኦገስት መጣ፣ ሄደ። በየሳምንቱ እነግራቸዋለሁ ስትል ሳምንቱ ይመሻል። አሁን ኖቬምበር ነው።

እግሯን ጎትታ ጥጉ ደረሰች።

«አረፈድሽ!» አሉ ጋሽ ሙላቱ። «በኛ ጊዜ ቢሆን ጥዬሽ ነበር የምሄድ።»

«ዝናቡ ነው ጋሼ።»

«እዚህ አገር ዝናብ ሰበብ ሆኖ ያውቃል? በይ አምጪ፣ ጫፉን እኔ ልያዝልሽ።»

ክራቫት አስረዋል። ጀልባዋ ከላይ እስከ ታች ታጥባ ጸድታለች፤ መስኮቷ እንኳን በጋዜጣ ተወልውሏል። አፀደ ይህን ባታይ ይሻላት ነበር።

ጋሽ ሙላቱ የሜትሩን ጫፍ ጀልባዋ አፍንጫ ላይ አስደግፈው ያዙ። እሷ ወደ ኋላ ተራመደች። ዛሬ ሠላሳ ዘጠኝ ጊዜ የተራመደችው ርምጃ ነው፤ የዚህኛው ግን ቶሎ አለቀ። ጎንበስ ብላ አነበበች። ሃያ አራት ጫማ ከስምንት ኢንች። በአውራ ጣቷ ውሃውን ጠርጋ እንደገና አየችው። ቁጥር ሲጠርጉት አይረዝምም።

«ስንት አለ?»

«ሃያ ስድስት» አለች።

አፏ ነው ያለው። ኤፕሪል ላይ «ታልፋለች» ያለውም ይኸው አፍ ነው፤ ሳያማክራት።

ጋሽ ሙላቱ አዩዋት። ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

«ካልሽ አይቀር ሠላሳ አትያትም?»

«ጋሼ...»

«ሃያ አራት ጫማ ከስንዝር ናት። ለክቻታለሁ። አንቺ ታልፋለች ባልሽኝ ማግስት፣ በገዛ እጄ።»

አፀደ ሜትሩን ለቀቀችው። ሜትሩ እየተንሿሿ ዶኩ ላይ ተሳበና እሳቸው እግር ስር ተጠቀለለ።

«ካወቁ ታዲያ ለምን አልተመዘገቡም? ያኔ እኮ መደርደሪያው ግማሹ ባዶ ነበር!»

መልስ ከመስጠታቸው በፊት ጃንጥላቸውን አጠፉ። ለምን እንዳጠፉት አልገባትም፤ ዝናቡ አላባራም።

«ቅጹ ያለው አንቺ ጠረጴዛ ላይ ነው» አሉ። «መጥቼ ቅጹን ስጪኝ ብልሽ አላመንኩሽም ማለቴ ነው። ያውም አለቃሽ አጠገብሽ ተቀምጦ። ሁለት ጊዜ እስከ በሩ መጥቼ ተመልሻለሁ።»

«እኔ እኮ እርስዎን ቅር እንዳላሰኝ ብዬ ነው።»

«እኔስ ማንን ብዬ ነው?»

ከማዶ ድልድዩ ተከፍቶ አንድ ረጅም ነጭ ጀልባ አሳለፈ። የፈጠረው ማዕበል ዘግይቶ ደረሰና 617ን ከዶኩ ጋር ሁለት ጊዜ አላተማት። አፀደ ድካሙ ከእግሯ ተነስቶ ወደ ዓይኗ ሲወጣ ተሰማት። መናደድ አማራት፤ በማን እንደምትናደድ ግን አጣች።

ራዲዮው ጮኸ።

«አርባ ስምንት ስንት ነው?» አለ ግሬግ። «የቀረን እሱ ብቻ ነው፤ እንዝጋውና ወደ ቤታችን እንሂድ።»

ሃያ ስድስት ማለት ትችላለች። ማን ያያል? ነገ፣ ግሬግ። ግሬግ ባያይ፣ ቦታ እስኪለቀቅለት ተራ የሚጠብቀው ሰውዬ፤ ስምንት ዓመት ሙሉ በየሰኞው እየደወለ «ስንተኛ ደረስኩ?» የሚለው። እሱንም ድምፁ እስኪታክታት ታውቀዋለች። ጋሽ ሙላቱን አየች። ከክራቫታቸው ጫፍ ውሃ ይንጠባጠባል።

«መልሺለት እንጂ» አሉ። «እሱም ቤቱ ይግባ።»

ቁልፉን ተጫነች። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት።

«ሃያ አራት ከስምንት።»

ራዲዮው ሽሽሽ አለ። «ኦኬ። ማስታወቂያውን ለጥፊበት። በሠላሳ ቀን ይልቀቅ።»

ከቦርሳዋ ብርቱካናማ ወረቀት አውጥታ መስኮቱ ላይ ለጠፈች። በእርጥቡ መስታወት ላይ አልይዝ ብሎ ተንሸራተተ። ደግማ ለጠፈችው፤ ደግሞ ወረደ። ጋሽ ሙላቱ መጡና ላዩን በሁለት አውራ ጣታቸው ጫን አድርገው ያዙላት።

«ቀጥ አድርጊው። ፖሊስ እንኳን ሲቀጣኝ እንዲህ አጣሞ አልለጠፈብኝም።»

እስኪጣበቅ ድረስ ሁለቱም ወረቀቱን ይዘው ቆሙ።

«ይቅር ይበሉኝ ጋሼ።»

«ወደ ቤትሽ ሾርላይን የሚወስድሽ አውቶቡስ የት ነው የሚያቆመው?» አሉ።

«ከቀዩ ምልክት አልፎ፣ ከድልድዩ ወዲያ።»

«ግቢ። ላድርስሽ።»

«አልፈውት አያውቁም እኮ!»

«ሠላሳ ቀን ነው ያለኝ። መቼ ልለፈው ታዲያ?»

ወደ ውስጥ ገብተው ሞተሩን ቀሰቀሱ። ሳለ፣ ሳለና ተነሳ። ጣሪያው ላይ ያለው የታክሲ መብራት ብልጭ ብሎ በራ። ወጥተው ገመዱን ፈቱና ተመልሰው መሪያቸውን ያዙ።

አፀደ ሜትሩን ከዶኩ አነሳች። አንድ እግሯን ጀልባዋ ላይ አሳረፈች። ሌላው ዶኩ ላይ ነው። ከሁለቱ መሀል ያለው ጥቁር ውሃ ቀስ እያለ ይሰፋል፤ ስፋቱን ሳትለካው ታውቀዋለች።

ጋሽ ሙላቱ እንደ ታክሲ ዘመናቸው አንገታቸውን ብቻ ወደ ኋላ መለሱ።

«ወዴት ነው?»

ከበላያቸው «ባዶ ነኝ፣ ግቡ» የሚለው መብራት ገና አልጠፋም።