ከቀይ መስመሩ በላይ

በመካነ ሰላም ትምህርት ቤታችን የጠዋት ፊርማ መዝገቡን የምይዘው እኔ ነኝ። ልክ ሁለት ሰዓት ከሩብ ሲሆን ከመጨረሻው ፊርማ ሥር በቀይ እስክሪብቶ አሰምራለሁ፤ ከዚያ በኋላ የመጣ መምህር ከመስመሩ በታች ይፈርማል፣ ስሙም በወሩ ስብሰባ ይነበባል። ምክትል ርዕሰ መምህር ከሆንኩ ስድስት ዓመቴ ነው፤ በዚህ መስመር እኮራ ነበር። አሁን ሳስበው እጄን ይቁረጠው እላለሁ።

አልታየች ከእኔ ጋር ከአንድ ማሰልጠኛ ወጥታ ሃያ ሁለት ዓመት አንደኛ ክፍል ያስተማረች ናት። የልጄን የምናለን እጅ ይዛ ስሙን ያስጻፈችው እሷ ነች። እናቷ ከአልጋ አይነሱም፤ እህቷ ደግሞ ጅዳ ስትሄድ ሁለት ልጆቿን ትታባታለች። ጠዋት እናቷን አጥባ፣ ልጆቹን አብልታ፣ ዳገቱን በሩጫ ትወጣለች። ከቀዩ መስመር በታች ግን ፈርማ አታውቅም።

ጥቅምት ላይ ቢሮዬ መጣች።

«አራጋው፣ የደም ግፊት አለብሽ ብለውኛል። ሳምንቱን ጠዋት ጠዋት ጤና ጣቢያ እየመጣሽ ተለኪ፣ ከዚያ መድኃኒት እንጀምርልሻለን አሉኝ። የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ሰው ተካልኝ።»

«የሐኪም ወረቀት አምጪ።»

«ወረቀቱን የሚሰጡኝ ለክተው ሲጨርሱ ነው እኮ!»

«ምን ላድርግ፣ መመሪያው ነው።»

ሳቀች። «አብሽር፣ ብቻ ቀይዋን እንዳታሰምርብኝ» ብላኝ ወጣች።

መተካት ይቻል ነበር። እኔው ራሴ በዚያ ሰዓት ቢሮ ተቀምጬ ሻይ ነበር የምጠጣው። ለአንዷ ከፈቀድኩ ሁሉም ይመጣል ብዬ ፈራሁ።

ጤና ጣቢያውን ተወችው። ግፊት እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው፤ እሷም ትስቅ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ ዕለት ላሰምር እስክሪብቶዬን ሳነሳ እያለከለከች ገብታ ፈረመች። ፊርማዋ ተንጋዷል። አየሁት፤ ከችኮላ ነው ብዬ መዝገቡን ዘጋሁ። በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ተማሪዎቿ «ቲቸር ወደቀች!» እያሉ እያለቀሱ መጡ። ደሴ ሆስፒታል ስትደርስ ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ ብሏል። ስትሮክ ነው አሉ።

የሐኪም ወረቀቱ የመጣው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ባለቤቷ ፈንታው ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው። ከሥሩ ባለው የሕመም ፈቃድ መጠየቂያ ላይ፣ በፊርማው ቦታ፣ የግራ አውራ ጣት አሻራ አለ። የስንቱን ልጅ ስም ያስጻፈች ሴት! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው።

ያኔውኑ ፈቅጄ፣ ወረቀቱን ይዤ ቤቷ ሄድኩ። በሩ ላይ ስቆም አልታየች አየችኝ። ደህናውን እጇን አልጋው ላይ ተክላ ለመነሳት ታገለች። የተጣመመው አፏ ብዙ ለፍቶ አንድ ቃል አወጣ።

«ተሰመረ?»

«አልተሰመረም» አልኳት፣ እንባዬ እየቀደመኝ። «ገና ነው፣ አልታየች፤ ገና ነው። ተኚ።»