ዋይፋይ የማይደርስበት ክፍል

ቤታችንን ከውጭ ያየ ሰው ይቀናል፤ ውስጡ የሚኖር ግን ይደክመዋል። ባለቤቴ አምባዬ ሹፌር በነበረበት ጊዜ ከጅቡቲ ደህና ጭነት ይዞ በተመለሰ ቁጥር ከኋላ አንድ ክፍል ይቀጥል ስለነበር ቤቱ እንደ ተሳቢ መኪና ረዝሞ ቀረ። ሳሎኑ በሰመራ ዋናው መንገድ ዳር ነው። ከሳሎኑ ኮሪደር ይነሳና ለሹፌሮች የምናከራያቸውን ክፍሎች በግራና በቀኝ እያለፈ መጨረሻ ላይ ካለችው ክፍል ይደርሳል። ግድግዳው ሙቀት እንዳያስገባ ተብሎ በወፍራሙ ተገንብቷል። ያቺ የመጨረሻዋ ክፍል ከሁሉም ስለምትቀዘቅዝና ጸጥ ስለምትል ልጄን ወንጌላዊትን ከነሕፃኗ ያስተኛኋት እዚያ ነው።

ወንጌላዊት ነርስ ናት፤ የምትሠራው አዳይቱ ነው። ባሏ ውባየሁ ደግሞ አዋሽ አርባ ያስተምራል። ከተጋቡ ጀምሮ አብረው የኖሩት በበዓልና በእረፍት ብቻ ነው። ለመውለድ እንደ ደንቡ ወደ እኔ መጣች። ልጁ ተወለደ፤ አባትየው አይቶት ወደ ሥራው ተመለሰ። እኔም ሕፃኑን ባየሁት ቁጥር ይህ ልጅ አባቱን በስልክ እያየ ሊያድግ ነው እያልኩ አዝን ነበር።

በዚህ መሃል ከአዋሽ አርባ ብዙም በማይርቀው አዋሽ ከተማ ያለ አንድ የግል ኮሌጅ ነርሶችን የሚያስተምር ሰው ፈለገ። ወንጌላዊት አመለከተችና ለቃለ መጠይቅ ጠሯት። አራስ መሆኗን ስትነግራቸው በቪዲዮ እንጠይቅሻለን፣ ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ተዘጋጅተሽ ጠብቂን አሏት። ሐሙስ ካለፈ ግን ፈታኞቹ ስለሚበተኑ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል።

እንግዲህ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ዋይፋያችን ሳሎን ውስጥ ነው፤ ኮሪደሩ መሃል ሲደርስ ይደክምና ከልጄ ክፍል ምንም አይገባም። የስልክ ዳታውም ያንን ግንብ አያልፍም። አምባዬ መፍትሔው ቀላል ነው፣ ሳሎን ትምጣና ትጠየቅ አለ። እኔ እሺ አላልኩም። በሳሎኑ ደጅ የከባድ መኪና ሞተር ቀኑን ሙሉ አይጠፋም፤ ተከራዩ ሁሉ በዚያ በር ነው የሚወጣ የሚገባው። ክርስትናው ገና ያልደረሰ ሕፃን ይዛ አቧራና ንፋስ ፊት፣ የሰው ዓይን ፊት አላስቀምጣትም አልኩ።

«ሰመራ ላይ ንፋስ ካገኘሽ እኔንም ጥሪኝ» አለኝ አምባዬ።

ይቀልዳል እንጂ ሐሳቤን ያውቃል። በማግስቱ ገበያ ወጥቶ ዋይፋይ ማራዘሚያ የሚባል ትንሽ ማሽን ገዝቶ መጣና ከወንጌላዊት አልጋ አጠገብ ሰካው። ማሽኑ ቀይ መብራት አበራ። አረንጓዴ ይሆናል ብለን ሦስታችን ዙሪያውን ተቀምጠን እንደ በሽተኛ ጠበቅነው፤ አልሆነም። ሻጩ አታልሎኛል ብሎ አምባዬ ተናደደ።

ያን ጊዜ ሙጂባ ትዝ አለችኝ። ሙጂባ የጎረቤታችን ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የኔትወርክ ሠራተኛ ነች። ሴት በመሆኗም ከአራስ ክፍል መግባት አይከብዳትም። ማክሰኞ ከሥራ ስትወጣ መጣች። መጀመሪያ ሕፃኑን አይታ ማሻአላህ አለች፤ ቀጥላ ማሽኑን አየችና ሳቀች።

«ጋሽ አምባዬ፣ ይሄ ተቀብሎ የሚያቀብል ነገር ነው። እዚህ ምን ይቀበል ብለው ነው?»

አምባዬ ማሽኑን ከሶኬቱ ነቀለው። «ነዳጅ ማደያ ነው በይኛ። መኪናው ከቆመ በኋላ ሳይሆን ሳይቆም በፊት ነው የሚያስፈልገው።»

እንደሱ ነው አለችው። ከዚያ ሳሎን ገብታ ዋይፋዩን የሚያሰራጨውን ራውተር ፈለገች። እኔ አቧራ እንዳይነካው ብዬ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ በዳንቴል ሸፍኜው ነበር። ዳንቴሉን አጣጥፋ በአክብሮት ሰጠችኝና ራውተሩን ከኮሪደሩ አፍ፣ ከግድግዳው ላይ ከፍ አድርጋ ሰቀለችው። ማራዘሚያውን ደግሞ ኮሪደሩ መሃል፣ ከወለሉ ብዙም ከፍ ከማትለው ሶኬት ላይ ሰካችው። ወዲያው አረንጓዴ በራ።

ወንጌላዊት ለውባየሁ ደወለች። ፊቱ ሳይቆራረጥ፣ ከንፈሩና ድምፁ ሳይለያይ መጣ። ሕፃኑን አሳየችው፤ እሱም እግሩን አሳዪኝ አለ፣ ቀጥሎም ጆሮውን፣ እንደገናም እግሩን። ከአዋሽ አርባ እስከ ሰመራ ያለው መንገድ ከዚያ ክፍል የጠፋ መሰለኝ። ሙጂባ ስትሄድ ሐሙስም ኢንሻአላህ እንዲሁ ይሠራል አለችና አደራ ከቦታው ምንም ነገር እንዳትነኩ ብላ አስጠነቀቀችን።

እኔ ደግሞ አደራ የሰጡኝን ነገር እንቅልፍ አጥቼ የምጠብቅ ሰው ነኝ። ማሽኑ አጠገብ መጥረጊያ አላደረስኩም። አንዱ ተከራያችን፣ ሹፌሩ ታሪኩ፣ ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ ወደዚያች ሶኬት ሲጠጋ እጁን ያዝኩት። ታሪኩ ከዚያ በኋላ በኮሪደሩ ሲያልፍ ኬላ እንደሚያልፍ ሰው እጁን እያነሳ ያልፍ ጀመር።

ሐሙስ ሲነጋ ውሃ መጣ። ሰመራ የኖረ ሰው ይህ ምን ዓይነት ደስታ እንደሆነ ያውቃል፤ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ቧንቧው ደርቆ ነበር። ሰማያዊዎቹ የፕላስቲክ በርሜሎቻችን ኮሪደሩ ውስጥ በግድግዳው ጥግ ተደርድረው ይቆማሉ። ግቢ ብናቆማቸው ፀሐይ ውሃውን ስለሚያፈላው ሰውነት አያስነካም። ጎማውን ዘርግቼ ሁሉንም እስከ አፋቸው ሞላሁ። ልጄ የምትታጠብበት፣ የሕፃኑ ጨርቅ የሚታጠብበት ውሃ ተገኘ። ዛሬ ቀኑ የእኛ ነው አልኩ።

ወንጌላዊት ነጠላዋን አስተካክላ፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ሕፃኑን አጥብታ አስተኝታ ስልኩን ከመደርደሪያው ላይ አቆመች። አስቀድማ ልትሞክረው ለውባየሁ ደወለች። ፊቱ ግማሽ ድረስ መጣና አፉን እንደከፈተ ደርቆ ቀረ። ከበላዩ የሚሽከረከር ክብ ታየ፤ ከሥሩ ጽሑፍ አለ። የጎልማሶች ትምህርት ከገባሁ ወዲህ ዓይኔ ያየውን ጽሑፍ ሳያነብ አያልፍምና አነበብኩት፤ ግንኙነቱ ተቋርጧል ይላል። ያኔ አለማንበብ ይሻል ነበር።

ለሙጂባ ደወልኩ። ሥራ ላይ ነበረች። መብራቱ ምን ዓይነት እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ አረንጓዴ ነው አልኳት። ከማክሰኞ ወዲህ ምን እንደተለወጠ ጠየቀችኝ፤ አንዳች ነገር አልነካሁም ብዬ በማርያም ስም ማልኩላት። ኮሪደሩ ውስጥ ምን እንዳለ ይንገሩኝ አለች፤ ምንም የለም፣ ያው የምታውቂያቸው በርሜሎች ናቸው አልኳት።

«ማክሰኞ ባዶ ነበሩ» አለች።

«አሁንማ ውሃ መጣልን፤ ሁሉንም ሞላኋቸው» አልኳት፤ ኩራቴም ድምፄ ላይ ነበር።

«እትዬ ሙሉ፣ ዋይፋይ ውሃን ማለፍ አይችልም። ከማሽኑና ከወንጌላዊት መሃል የውሃ ግንብ አቁመዋል።»

ማሽኑን ከፍ ካደረጋችሁት ይሠራል አለችኝ፤ ከፍ ያለ ሶኬት ግን በኮሪደሩ የለም፤ ባለ ረጅም ገመዱን የመብራት ማከፋፈያም አምባዬ ለሰው አውሶታል። አራት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም። ዞር ስል ወንጌላዊት ሕፃኑን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች።

«እማዬ፣ ወይ ውሃው ይውጣ ወይ እኔ ልውጣ።»

ከሳሎኑ በኩል የመኪና ሞተር ይጮሃል። በርሜሎቹን አየሁ። ውሃው እስከ አፉ ሞልቶ ያብለጨልጫል፤ ቧንቧው ነገ ይምጣ፣ ከሳምንት በኋላ ይምጣ የሚያውቅ የለም። ልጄን ደግሞ አየሁ። ይህን ያህል ጊዜ ከባሏ ተለይታ ስትኖር አንድ ቀን እንኳ አማርራ አታውቅም፤ አሁን ግን አንድ እግሯን ከደጃፉ አሻግራለች።

«ውሃው ይውጣ» አልኩ።

ታሪኩና ረዳቱ ባንተይርጋ ክፍላቸው ውስጥ ቁርስ ይበሉ ነበር። ነገሩን ስነግራቸው እጃቸውን ሳይታጠቡ ተነሱ። ባንተይርጋ ጀሪካኖቻቸውን አምጥቶ ከየበርሜሉ አፍ እየቀዳ ማውጣት ጀመረ፤ እግረ መንገዱንም የመኪናውን ራዲያተር ሞላ። ጎደል ያለውን በርሜል ደግሞ ታሪኩ ዘንበል አደረገና በታችኛው ጠርዙ ላይ እያሽከረከረ ወደ ግቢው ነዳው። ሹፌሮች የዘይት በርሜል የሚገፉት እንደዚያ ነው፤ ሁለት ሰው የማያነሳውን አንድ ሰው እያዞረ ይወስደዋል። የዘይት በርሜል ግን ክዳን አለው። የእኛ ክዳን ስለሌለው በየዙሩ ውሃው እየተደፋ ኮሪደሩ ጎርፍ ሆነ። ጫማዎች ተንሳፈፉ። አምባዬ ሱሪውን ሰብስቦ በመጥረጊያ እየገፋ አዋሽ ወንዝ ቤታችን ድረስ መጣ ይላል። እኔ ግን ዓይኔን ከማሽኑ ላይ አልነቀልኩም፤ ወለሉ ላይ ያለው ውሃ እንዳይደርስበት ተጎንብሼ በነጠላዬ ከለልኩት።

«አንቺም ውሃ ነሽ፣ ከፊቱ ዞር በይ» አለኝ አምባዬ። እውነቱን ይሁን ይቀልድ አላወቅኩም፤ ዞር አልኩ።

የመጨረሻው በርሜል ከደጃፉ ሲወጣ ከውስጥ የልጄን ድምፅ ሰማሁ።

«ጤና ይስጥልኝ። አዎ፣ ይሰማኛል። በደንብ አያችኋለሁ።»

ሁላችንም ባለንበት ቆምን። እግራችን ውሃ ውስጥ ነው። ታሪኩ በጣቶቹ እየተራመደ ወጣና መንገድ ላይ የቆሙትን ሹፌሮች ሞተር እንዲያጠፉለት ለመናቸው። ደጃችን እንደዚያ ጸጥ ብሎ አይቼ አላውቅም። ወንጌላዊት ስለ ሥራዋ ስታስረዳ ድምፅዋ አይቆራረጥም፤ የጠያቂዎቹም ድምፅ እስከ እኔ ይመጣል። መሃል ላይ ሕፃኑ አለቀሰ። ልግባ ወይስ አልግባ ብዬ በሩ ላይ ተወዛወዝኩ። አንዲት ጠያቂ ሳቅ ብላ አንሺውና ታቅፈሽው መልሺልን ስትላት ሰማሁ። እዚያው እርጥቡ ወለል ላይ ቁጭ አልኩ።

ሲያበቃ ወንጌላዊት ሕፃኑን ደረቷ ላይ አስተኝታ ወደ በሩ መጣች። መልሱን ከሰዓት በኋላ እንነግርሻለን ብለዋታል። ምሳ አልበላሁም። ወለሉን ሁለቴ አደረቅኩት፤ ለሦስተኛ ጊዜ ልጀምር ስል ስልኩ ጮኸ። አዎ፣ አዎ፣ እሺ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ አለች። ከዚያ እኔን አየችኝ። ከክርስትናው በኋላ፣ በደንብ ስትጠነክር ሥራ እንድትጀምር ነግረዋት ነበር። እልል ማለት ፈልጌ ሕፃኑን እንዳላስደነግጥ አፌን በእጄ ይዤ አለቀስኩ። ከስንት ጊዜ ጀምሮ ደረቴ ላይ ተቀምጦ የነበረ ነገር ያን ቀን ወረደ።

ሙጂባ ከሥራ ስትወጣ በእኛ በኩል አለፈች። ስትሰማ አልሐምዱሊላህ ብላ ወንጌላዊትን ሳመቻት። ግቢው ውስጥ በሸራ ጥላ ሥር የተደረደሩትን በርሜሎች አይታ ውሃው አይሞቅም ወይ አለች።

«ሻይ ቅጠል ጨምረን እንጠጣዋለን» አላት አምባዬ።

አመሻሹ ላይ ውባየሁ ደወለ። ፊቱ ጥርት ብሎ ታየ፤ ከደስታው የተነሳ ግን መናገር አቅቶት ነበር። ሕፃኑን ካየ በኋላ ስልኩን ለእማማ ስጫት አላት። አዋሽ ላይ ቤት ማየት መጀመሩን ነገረኝ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ያገኘው ቤት ሁለት ክፍል ብቻ እንደሆነና በጣም ጠባብ እንደሆነ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው ነገረኝ።

«ተመስገን» አልኩት።